የጠፋችው የራዲየም መርፌ

ያን ጊዜ አስመራ ውስጥ በአንድ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። አዲስ አበባ ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ከተመለስኩ ብዙም አልቆየሁም። የምኖረው ፓራዲዞ ሰፈር ከወላጆቼ ጋር ነው። እናቴ ጎረቤት በመጣ ቁጥር "ልጄ አልጋነሽ ፊዚክስ ነው የተማረችው" ትላለች። ፊዚክስ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋት "የማይታየውን ነገር የሚያሳይ ትምህርት ነው" ብላ ስትመልስ ሰምቻታለሁ። እኔም የወደድኩት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ከሁሉ በላይ ልቤን የወሰደው የአተም አስኳል ነበር። የሚቀጥለው ነገር እንዲገባችሁ ስለ እሱ ትንሽ ላውጋችሁ። ድንጋዩም፣ ውሃውም፣ የገዛ እጃችንም ከአተም የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ አተም መካከል እጅግ ትንሽ አስኳል አለ፤ በአስኳሉ ውስጥ ደግሞ ፕሮቶንና ኒውትሮን የሚባሉ ቅንጣቶች ተጨናንቀው ይኖራሉ። ፕሮቶኖቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ነገር ግን ከመገፋፋታቸው የበረታ ሌላ ኃይል አንድ ላይ ይይዛቸዋል። ይህ ኃይል ጉልበቱ ከባድ ቢሆንም የሚደርሰው አጠገቡ ካለው ብቻ ነው። አስኳሉ እንደ ራዲየም ትልቅ ሲሆን መገፋፋቱ ከዳር እስከ ዳር ይዘልቃል፤ መያዣው ግን አይዘልቅም። ስለዚህ ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን ተቧድነው፣ መያዣው ኃይል እንደ ግድግዳ ሆኖባቸው፣ ከውስጥ ሲመቱት ይኖራሉ። ግድግዳውን ለመዝለል የሚበቃ ጉልበት የላቸውም። ሆኖም አንድ ጊዜ፣ ምንም ሳይፈርስ ምንም ሳይከፈት፣ ውጭ ይገኛሉ። የትኛው አስኳል መቼ እንደሚለቅ የሚያውቅ የለም። ለእልፍ አእላፍ አስኳሎች በጅምላ ማስላት ይቻላል፤ ለአንዱ ለብቻው ግን አይቻልም።

ይህን ለተማሪዎቼ ስናገር ፊቴ ይበራ ነበር መሰለኝ፣ ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። ውጭ አገር ሄጄ ይህንኑ ለመማር አመልክቼ መልስ እጠባበቅ ነበር። አስኳል ለእኔ ንጹሕ ነገር ነበር፤ ከሰው ጣጣ የራቀ።

ወቅቱ ክፉ ነበር። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ከሆነች ዓመታት አልፈዋል፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፤ ወታደር በየመንገዱ ቆሞ ይፈትሻል። ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ሳለሁ ዘበኛው መጥቶ "መምህር፣ አንድ ጣሊያናዊ ዶክተር ይፈልጉሻል" አለኝ። የገባው ዶክተር ሬናቶ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ በከተማው አንድ ሆስፒታል ውስጥ ካንሰር ያክማል። ዕድሜውን አስመራ ስለኖረ ትግርኛው ከእኛ አይለይም። ባርኔጣውን በእጁ እያገላበጠ ቆመ።

"የጨረር መለኪያ አላችሁ ብለውኛል። ይሠራል?"

"ይሠራል። የእናንተስ?"

"የእኛ ከተበላሸ ቆየ።" ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና "አንዲት የራዲየም መርፌ ጠፍታብናለች" አለኝ።

ያኔ ካንሰርን እንዲህ ያክሙ ነበር። ከፕላቲኒየም የተሠራች መርፌ ናት፤ ሆዷ ውስጥ ራዲየም ታሽጎባታል። ዕጢው ውስጥ ትሰካና ለተወሰኑ ቀናት ትቆያለች፤ በኋላዋ ክር የሚገባባት ቀዳዳ ስላላት በክሩ ይስቧታል። የማያውቅ ሰው ቢያያት ወፈር ያለች፣ አጠር ያለች፣ የምታብለጨልጭ የስፌት መርፌ ናት።

"መቼ ጠፋች?"

"አላወቅንም። እኔ ምጽዋ ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ትናንት የመርፌዎቹን ሳጥን ስከፍት የአንዷ ቦታ ባዶ ነው። መጨረሻ የታከመችው ሴት ከወጣች ሁለት ሳምንት አልፏል።"

ሁለት ሳምንት። መርፌዋ ሰው አጠገብ ሆና ከሆነስ? የጨረር መለኪያችንን አነሳሁ። መለኪያችን የእጅ ሻንጣ የምታክል ግራጫ ሳጥን ናት፤ በሽቦ የተያያዘ ቱቦ አላት፤ ጨረር በነካት ቁጥር ቀጭ ትላለች። ጨረር የሌለበት ቦታ የለምና ያለ ምክንያትም አልፎ አልፎ ቀጭ ማለቷ አይቀርም። በዶክተሩ ትንሽ መኪና ወደ ሆስፒታሉ ሄድን።

ሴትዮዋ የተኛችበትን ክፍል፣ የቀዶ ጥገናውን ክፍል፣ የመታጠቢያውን ቦይ፣ ቆሻሻ የሚቃጠልበትን ጉድጓድ፣ አመዱን ሳይቀር ቱቦዬን ይዤ ዞርኩ። ሳጥኗ ዝም አለች። ልብስ ማጠቢያው ቤትም ዝም አለች። ዶክተሩ ከኋላዬ እየተከተለ ቀጭ ባለች ቁጥር ቀና ይላል፣ መልሶ ደግሞ አንገቱን ይደፋል።

በመጨረሻ የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ጽዳቶቹን፣ አጣቢዎቹንና አስታማሚዎቹን ግቢው ውስጥ ሰበሰባቸው። እኔ በሹክሹክታ "መርፌ መሆኗን ይንገሯቸው፤ አደገኛ መሆኗንም" አልኩት። አልሰማኝም። "ሕዝቡ ከተሸበረ ማን ይጠየቃል?" አለና ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ "ከሆስፒታሉ ውድ የሕክምና መሣሪያ ተሰርቋል። የወሰደ ሰው በራሱ ፈቃድ ይመልስ፤ አለዚያ ለፖሊስ እንሰጠዋለን" አለ።

"መርፌ ናት የጠፋችው" ብዬ በትግርኛ ልጮህ አፌን ስከፍት "መምህርት፣ እንግዳ ነሽ" ብሎ አቋረጠኝና ሠራተኞቹን በተናቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እየፈሩ ሄዱ።

"ፋሻው ወደ ልብስ ማጠቢያ ነው የሚሄደው" አልኩት ዶክተሩን። "አጣቢዎቹ የት ነው የሚኖሩት?"

ሦስት ናቸው። ሁለቱ ዓባ ሻውል፣ አንዷ ደግሞ እዚያው ሆስፒታሉ አጠገብ። ዶክተሩ በመኪናው ሊወስደኝ ፈልጎ ነበር፤ ግን የጣሊያን መኪና ዓባ ሻውል መግቢያ ላይ ቆማ አንድ ነጭ ሲጠብቅ ሰፈሩ ሁሉ ይወጣል። ደግሞ የዓባ ሻውል መንገድ መኪና አያስገባም። "እኔ ልሂድ፤ እርስዎ እዚህ ይፈልጉ" አልኩት።

ሆስፒታሉ አጠገብ የምትኖረው ሴት ቤት ምንም አልነበረም። ከዚያ በእግሬ ወደ ዓባ ሻውል አቀናሁ። ሰፈሩ ከመግባቴ በፊት ወታደሮች አስቆሙኝ።

"ሳጥኑ ውስጥ ምንድን ነው?"

"የትምህርት መሣሪያ ነው።"

"ክፈቺው።"

ስከፍተው ቀጭ አለች። ወታደሩ ወደ ኋላ ዘለለ። ያን ሰሞን የሚጮህ ሳጥን ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደነበር ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ከመሬት ላይ በደረቴ አስተኙኝ። አማርኛዬን ሲሰሙ ደግሞ ነገሩ ባሰ፤ ሐ እና ዐ ከጉሮሮዬ እየወጡ ትግርኛ ተናጋሪ መሆኔን ያሳብቁብኛል። አስረው ወደ ጣቢያ ወሰዱኝ። ሳጥኗን ግቢው መሃል ላይ በአሸዋ ጆንያ ከበቧት።

"አለቃችሁን ጥሩልኝ፤ የሰው ሕይወት ነው" አልኩ።

"ሻምበሉ ነገ ነው የሚመጡት" አለኝ ተረኛው።

ያቺን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፍኳት አላወራም። የማስበው ስለ ራሴ አልነበረም ብል ግን ውሸት ነው። ፈርቼ ነበር። ከፍርሃቴ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር። የትም ይሁን የት ያቺ መርፌ አላረፈችም፤ እኔ በታሰርኩበት ሰዓት ሁሉ እየሠራች ነው። አስኳሎቹ ለእሁድ አይቆሙም፣ ለሰዓት እላፊ አይቆሙም። ለተማሪዎቼ በደስታ የነገርኩት ነገር ያን ዕለት ሌላ መልክ ያዘብኝ።

ሻምበሉ እሁድ ረፋዱ ላይ መጣ። ጠና ያለ፣ ጺሙን በደንብ የተላጨ ሰው ነው። ከጠረጴዛው ፊት አቆመኝ።

"አስተማሪ ነኝ ትያለሽ።"

"አዎ፣ ጌታዬ። ፊዚክስ።"

"በዚህ ሳጥን ውስጥ ምን ታስተምሪያለሽ? ቦምብ?"

"ቦምብ አይደለም። ጨረር መለኪያ ነው። ከሆስፒታል አንዲት መርፌ ጠፍታለች፤ ጨረር ትተፋለች። ያላወቀ ሰው ወስዷት ከሆነ ሥጋውን ታቃጥለዋለች።"

"እሳት የለባትም ወይ?"

"እሳት የለባትም። እሳት ቢሆን ኖሮ ሰውየው እጁን ይሰበስብ ነበር። ይህ አያምም፣ አይሞቅም፣ አይታይም። ሕመሙ የሚመጣው ቆይቶ ነው።"

በጥርጣሬ አየኝ። "የማይታይ ከሆነ አንቺ በምን አወቅሽው?"

ሳጥኗ ከግቢው መጥታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ዓይኔ የሻምበሉ እጅ ላይ አረፈ። የወታደር ሰዓት አስሯል፤ ቁጥሮቹ አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ፣ በጨለማ የሚያበሩ ናቸው።

"ሰዓትዎ በጨለማ ያበራል?"

"ያበራል።"

"ቀለሙ ውስጥ ትንሽ ራዲየም ሳይኖርበት አይቀርም። ይፍቀዱልኝና ላሳይዎ።"

በዓይኑ ምልክት ሰጠኝ። ሳጥኗን አበራኋት። ቀጭ አለች፣ ዝም አለች፣ ደግሞ ቀጭ አለች። ቱቦውን ወደ እጁ አስጠጋሁ። እንደ በረዶ በቆርቆሮ ላይ ትንጫጫ ጀመር። ራቅ ሳደርገው ዝም አለች፤ ሳስጠጋው ተንጫጫች። በሩ ላይ የቆሙት ወታደሮች ተያዩ። ሻምበሉ ሰዓቱን ቀስ ብሎ ፈታና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረው። አንጓውን በሌላ እጁ አሸት አሸት አደረገ።

"አይፍሩ፤ ይህቺ ትንሽ ናት" አልኩት። "የምፈልጋት መርፌ ግን የዚህ ዓይነት ሰዓት እልፍ ቢከመር አይተካከላትም።"

"አንዱ መቼ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ? ይሄ ቀጭ የሚለው?"

"አላውቅም። ማንም አያውቅም።"

ይህ መልሴ ከሁሉ በላይ ያሳመነው መሰለኝ። የምዋሽ ቢሆን ኖሮ አውቃለሁ እል ነበር። ስልክ አንስቶ ወደ ሆስፒታሉ ደወለ፣ ከዶክተሩ ጋር ተነጋገረ። ከዚያ "ልቀቋት" አለ። የማለፊያ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝና በሩ ድረስ ተከተለኝ። "የማታ ተረኛው መኪና ልኮ ቢጠራኝ ኖሮ እመጣ ነበር" አለኝ፤ ከዚያ በላይ ምንም አልጨመረም።

ዓባ ሻውል ስደርስ ፀሐዩ ከረር ብሏል። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነው። የመጀመሪያዋ አጣቢ ቤት ምንም የለም። ሁለተኛዋ አደይ ለምለም፣ እናታችን ለምለም እንደ ማለት፣ ይባላሉ፤ ሴት ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ቤታቸውን አንዲት ውሃ የተሸከመች ሴት በአገጯ አሳየችኝ፤ ዳገቱ ላይ ነው።

በጠባቡ መንገድ መውጣት እንደጀመርኩ ሳጥኗ ፈጠን አለች። ቆምኩ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ቀነሰች። ወደ ፊት ሄድኩ፤ ጨመረች። የድንጋይ ግድግዳ በመካከላችን አለ፤ እሷ ግን ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ትሰማለች። በየደረጃው ድምፁ እየተጠጋጋ፣ እየተደራረበ መጣ። በሩ ጋ ስደርስ አንዱ ቀጭታ ከሌላው መለየት አቆመ፤ አንድ ረዥም ጩኸት ሆነ። መሣሪያውን አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ አያስፈልገኝም ነበር።

ግቢው ውስጥ አንዲት ወጣት ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ፍራሽ ትሰፋለች። አዲስ ጨርቅ ነው፣ ቀይና ነጭ መስመር ያለው። ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ።

"እንኳን ደህና መጡ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ አሁን ይመጣሉ። ሻሂ ላፍላልዎ?"

ፍራሹን የምትሰፋው በተራ ረዥም መርፌ ነው። ነገር ግን ልብስ ሰፊዎች እንደሚያደርጉት ሌላ መርፌ፣ ክሯ ተንጠልጥሎ፣ ከግራ ጡቷ በላይ ቀሚሷ ላይ ተሰክታለች። ትንሽ ናት። ፀሐዩ ላይ ታብለጨልጫለች።

"ስምሽ ማነው?"

"ርግበ።"

"ርግበ፣ እኔ መምህር አልጋነሽ እባላለሁ። የምልሽን ሁሉ ሳትፈሪ አድርጊ። መርፌዋን አትንኪያት። ቀሚሱን ቀስ ብለሽ አውልቂና መሬት ላይ ተዪው። ከዚያ ወደ እኔ ነይ።"

ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ከፊቴ ላይ ምን እንዳነበበች አላውቅም፣ ተነስታ ቀሚሷን በእግሯ በኩል አወረደችው። የራሴን ነጠላ አለበስኳት። ሳለብሳት ደረቷን አየሁት። የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጠቁሮና ቀልቶ ቆዳው ተነስቷል፤ መሃሉ ረጥቧል።

"ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሰሞኑን ነው። ምች ነው ብለው ቅጠል አሹልኝ። ጠበልም ሄድኩ። ያሳክከኝ ነበር፣ አሁን ግን ያቃጥለኛል።"

ምድጃው አጠገብ የከሰል ጉጠት አገኘሁ። ክንዴን እስከቻልኩት ድረስ ዘርግቼ ቀሚሱን ከነመርፌዋ አነሳሁና ግቢው ጥግ ከድንጋይ ክምር ኋላ አኖርኩት። ጎረቤቶቹን ከቤታቸው አስወጣሁ። አንድ አናጢ "ምን ልርዳሽ?" ሲለኝ ከሻምበሉ ወረቀት ጋር ወደ ዶክተር ሬናቶ ላክሁት። ከዚያ እኔና ርግበ ከዳገቱ በታች ደረጃ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ስለ ሠርጓ አጫወተችኝ። ከፋሲካ በኋላ ነው። ፍራሹ ለእሱ ነው።

ዶክተሩና አደይ ለምለም አንድ ላይ ደረሱ፤ በመንገድ ተገናኝተው ነው። ዶክተሩ ከባዱን የእርሳስ ብረት ሳጥን አናጢውን አሸክሞ ገባና መርፌዋን በረዥም መቆንጠጫ አንስቶ ከተታት።

አደይ ለምለም ልጃቸውን ያያሉ፣ ዶክተሩን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። "ምን አጠፋን?" አሉ።

"አደይ፣ መርፌዋን ከየት አገኟት?" አልኳቸው።

"ከፋሻ ውስጥ። ከእጥበቱ ውሃ ሥር አገኘኋት። ከነርሶቹ የአንዷ መሰለችኝ፤ ጥሩ መርፌ ናት ብዬ ለልጄ አመጣሁላት።" ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ። "ትናንት ተሰረቀ ያላችሁት እሷን ነው?"

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ።

"መርፌ አላላችሁም" አሉ አደይ ለምለም። ድምፃቸው ከፍ አላለም። "መሣሪያ ነው ያላችሁት። እኔ ማሽን መስሎኝ ነው። መርፌ ብትሉኝ ኖሮ ትናንትናውኑ ሮጬ አመጣላችሁ ነበር።"

ዶክተር ሬናቶ ባርኔጣውን አወለቀ። "ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ እናቴ። ያልቆጠርን እኛ ነን፤ ያልነገርናችሁም እኛ ነን" አላቸው። ሽማግሌው እንዲህ ማለቱን እስከ ዛሬ አከብርለታለሁ። ሆስፒታሉ ግን አንድ ቀን እንኳን እንዲህ ብሎ ጥፋቱን አላመነም። አደይ ለምለም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሥራ ተሰናበቱ፤ ምክንያቱን የነገራቸው የለም።

ርግበ ሆስፒታል ገባች። ቁስሉ በመጀመሪያ የሚድን መስሎ ነበር፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባ ጀመር። የሞተውን ሥጋ ቆረጡላት፤ ጠርዙ መልሶ ሞተ። ከጭኗ ቆዳ ወስደው ለጠፉላት፤ አልያዘም። ከትምህርት ቤት ስወጣ እየሄድኩ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን "መምህር፣ መርፌዋ ከእኔ ከራቀች ቆይታለች። ታዲያ ለምን አይተወኝም?" ብላ ጠየቀችኝ።

ጨረሩ ካለፈ በኋላ በሰውነቷ ውስጥ የቀረ ነገር የለም። ሲያልፍ ግን ሥጋዋ ራሱን የሚጠግንበትን ነገር ሰባብሮት ሄዷል። ይህንኑ ነገርኳት። እሷም "ምናለ እንዲህ ያደረገኝ ነገር ማን እንደሆንኩ እንኳን ቢያውቅ" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። የገባኝ ይመስለኛል።

ሠርጉ ቀረ። የሙሽራው ቤተሰብ በሽታው ይተላለፋል ብለው ፈሩ፤ ልጁ ራሱ አንድ ሁለቴ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ተመለሰ። ክረምቱ ሲገባ ቁስሏ አመረቀዘ፣ ትኩሳት ያዛት፣ ሞተች።

ለቅሶው ላይ ከዓባ ሻውል ሰው ሳይመጣ የቀረ አልነበረም፤ ነገር ግን ድንኳኑ ውስጥ ከአደይ ለምለም ግራና ቀኝ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ሰው ራቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ሬሳዋን ያጠቡት ሴቶች እጃቸውን በአመድ ሲፈትጉ ዋሉ አሉ። ስገባ አደይ ለምለም አዩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ጓለይ፣ የእኔ ልጅ፣ ንገሪያቸው" አሉኝ። "ልጄን ምን እንደገደላት ንገሪያቸው።"

በሕይወቴ ካስተማርኩት ሁሉ ከባዱ ትምህርት እሱ ነበር። ሰሌዳ የለም፣ ጠመኔ የለም፣ በትግርኛም ለነገሩ ቃል የለም። የነገርኳቸው እንዲህ ነው። በመርፌዋ ሆድ ውስጥ እጅግ ትናንሽ ነገሮች እንደ ሰው ታፍገው ይኖራሉ፤ አንዳንዱ ሾልኮ ይወጣል፤ እነሱን ተከትሎ የማይታይ ብርሃን ይወጣል። ብርሃኑ ብረቱን አልፎ የልጅቱን ሥጋ መታው። ብርሃን ነውና አልፎ ሄደ። መርፌዋ ተወስዳለች፤ ከርግበ ላይ ወደ ማንም የሚተላለፍ የለም። በመጨረሻም "የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ ይኸው እኔ በየሳምንቱ ቁስሏን ሳጥብላት ከርሜአለሁ" አልኩና እጆቼን አሳየኋቸው።

ከዚያ አንዲት አሮጊት "ታዲያ ያ የወጣው፣ እሷን ለምን መረጠ?" አሉ።

"አልመረጣትም፣ አደይ። አይመርጥም። ማንም አጠገቡ ቢሆን ያው ነበር።"

አሮጊቷ ቀስ ብለው ተነሱና መጥተው በአደይ ለምለም ቀኝ ተቀመጡ። ሌላዋ ተከተለች። ድንኳኑ ውስጥ ልቅሶው እንደገና ተጀመረ፤ ከቅድሙ የተለየ ነበር።

ልሄድ ስል አደይ ለምለም እስከ ፌርማታ ድረስ ሸኙኝ። ተው ብላቸውም እምቢ አሉ። አውቶቡሱ እስኪመጣ ነጠላቸውን አጣፍተው አጠገቤ ቆሙ።

"ቅዳሜ ዕለት ወደ እኛ ስትመጪ ነው አሉ የያዙሽ።"

"አዎ።"

"የቐንየለይ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንቺን የምቀየምበት ነገር የለም።" አውቶቡሱ ታጥፎ ሲመጣ ታየ። "ለሌላ ሰው ግን ከዚህ ቶሎ ድረሺ" አሉኝ።

አንባቢዎቼ፣ ሰው ሕይወቱን የለወጠውን ነገር ሲጠይቁት ትልቅ ነገር ይፈልጋል። የእኔን የለወጠችው ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ያመለከትኩበት የትምህርት ዕድል በዚያው ክረምት ደረሰኝ። ሄድኩ፤ የሄድኩት ግን ሌላ ትምህርት ለመማር ነው። ሰውን ከጨረር የመጠበቅን ሥራ ተማርኩ። ባልደረቦቼ አስኳል ውስጥ ያለውን እያሰሉ ሲጠበቡ እኔ መጋረጃ ስንት ጣት መወፈር እንዳለበት፣ መርፌ እንዴት እንደሚቆጠር፣ አጣቢ ሴት ምን እንደሚነገራት ነበር የማጠናው። ስመለስ ዘመኑ ተለውጦ ነበር፣ አስመራም አልቀረሁም፤ ሥራዬን የሠራሁት አዲስ አበባ ነው።

አስኳልን መውደዴን አልተውኩም። ነገር ግን ንጹሕ ነው፣ ከሰው ጣጣ የራቀ ነው ብዬ ዳግመኛ አላሰብኩም። ክፋት የለውም፤ ርኅራኄም የለውም። ክፋቱም ርኅራኄውም ሳጥኑን በምንዘጋው በእኛ ዘንድ ነው። ሰው እንዳይሸበር ብለን የምንሸሽገው ስም፣ ተረኛው ለነገ ያሳደረው ጥሪ፣ ከራዲየሙ ይልቅ እነዚህ ናቸው ያቺን ልጅ የገደሏት ብዬ አምናለሁ። እናንተም በሥራችሁ ላይ የምታውቁት፣ ሌላው የማያውቀው አደገኛ ነገር ካለ በስሙ ጥሩት። ሰው ይደንግጥ።

ጡረታ ልወጣ ስል በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ከሕክምና በኋላ ስንቆጥር አንዲት መርፌ ጎደለች። በሩን ዘጋሁና ማንም እንዳይወጣ፣ አንድም ጨርቅ ከክፍሉ እንዳይወጣ አልኩ። ጽዳቶቹን ጠርቼ መርፌ እንደጠፋች፣ ምን እንደምትመስል፣ ምን እንደምታደርግ ነገርኳቸው። ሐኪሞቹ ሥራ ፈተው ቆሙ። አንዲት ወጣት ነርስ ድካም ይዟት ነው መሰለኝ "እማማ፣ ይህ ሁሉ ለአንዲት መርፌ ነው?" አለችኝ።

"ለአንዲት መርፌ ነው" አልኳት። ከዚያ እሷም እኔም ወለሉ ላይ ተንበርክከን መፈለጋችንን ቀጠልን።